ወሎን በወሬው መንገድ፦ ከደሴ ወደ ግሸን፣ ከግሸን ወደ ኮምቦልቻ

ቅዳሜ፣ ደሴ

የጦሳ ተራራ የሚወጣው በማለዳ ነው። ረፋዱ ላይ ጉም ከታች እየተነሣ ከተማዋን ይውጣታል፤ በክረምት ደግሞ መሬቱ ስለሚያንሸራትት ባይሞከር ይሻላል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለምትገኝ ከተማ ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ትርፍ ዕቃ አይደለም። ከተዳፋቱ ላይ ቆሞ ወደ ታች ላየ የደሴ አቀማመጥ ግልጽ ነው፤ በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል፣ መሐል ላይ ረጅምና ጠባብ ከተማ። የቦርከና ወንዝ መውጫ ያገኘው ዶሮ መዝለያ በሚባለው ጠባብ ሸለቆ በኩል ብቻ ነው። መሬቱ ከአፋር ስምጥ ሸለቆ ጋር አብሮ የተሰነጠቀና የወረደ በመሆኑ ናዳ ለደሴ እንግዳ አይደለም። አገሬው ስለ ተራራው ሲያወራ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ያለ ምክንያት አይደለም።

በወሎ የሚነገረው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ በሰማይ ወይም በብራና የተመዘገበ ጉዳይ አለበት፤ አንዳንዱ በእርግጥ የተደበቀ ነገር በውስጡ አለ፤ አንዳንዱ ደግሞ ሻጭ ብቻ ነው ያለው። መንገዱን ሙሉ ሦስቱን መለየት ነው ሥራው።

የመጀመሪያው ወገን ምሳሌ የከተማዋ የራሷ ልደት ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ በሰማይ ታየ፣ እሳቸውም ምልክት አድርገው ቆጥረውት ከተማ እንዲቆረቆር አዘዙ ይባላል፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1882 ነው። ይህን ወሬ መመርመር ይቻላል፣ ምክንያቱም ሰማይ የደሴ ብቻ አይደለም። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ዓለም ሁሉ ያየው ጅራታም ኮከብ ነበረ። ለፀሐይ እጅግ የቀረበው ሴፕቴምበር 17 ቀን ሲሆን በዚያ ሰሞን በቀትር፣ ከፀሐይ ጎን በዓይን ይታይ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ጎህ ሳይቀድ በምሥራቅ በኩል ጅራቱን ዘርግቶ ታይቷል፤ በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ዴቪድ ጊል የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ ፎቶግራፍ አንሥቶታል። ደሴ ላይ ለሰፈረ ሰው ምሥራቅ ማለት አዝዋ ገደል ነው። ስለዚህ ኮከቡ እውነት ነው፤ ንጉሡ አይተውታል ማለትም የሚያስኬድ ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው በኮከቡ ምክንያት ነው የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ውሃና ግጦሽ ያለበትን፣ የሰሜንና የደቡብ መንገድ የሚገናኝበትን ቦታ ለመምረጥ ኮከብ አያስፈልግም። ደሴን መናገሻ አድርጎ ያሳደጋትም ኋላ ንጉሥ የተባሉት ራስ ሚካኤል ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን የቀን ቆጠራ መናገር ግድ ነው። ዛሬ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ቀን ይውላል፣ ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ 12። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን መስከረም 1 የሚውለው በ10 (ወይም በ11) ነበር፤ ምክንያቱም ፈረንጆች 1900ን እንደ ሠግር ዓመት ስላልቆጠሩት ልዩነቱ ከዚያ ወዲህ በአንድ ቀን አድጓል። ስለዚህ ኮከቡ ለፀሐይ የቀረበበት ቀን መስከረም 8 ቀን 1875 ዓ.ም. ነው እንጂ 7 አይደለም። ለዚህ ማረጋገጫው ዐድዋ ነው። ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲደረግ ማርች 1 ነበር፤ ዛሬ በዓሉን በየካቲት 23 ስናከብር ማርች 2 ይሆናል። በስልክ ላይ ያለ መቀየሪያ ሁሉ ይህን አይጠብቅም፤ «ቀኑ ከትንቢቱ ጋር ገጠመ» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚገጥመው በዚህች አንድ ቀን ስሕተት ነው።

ከሰዓት በኋላ አይጠየፍ። የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ነው፤ የልጅ ኢያሱ ወሬ ደግሞ ከዚህ ግቢ አይለይም። ሁለተኛው ወገን፣ ማለት ውስጡ እውነተኛ ምሥጢር ያለበት፣ ከዚህ ይጀምራል። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርድ የቀረበበት ክስ ሰልሟል የሚል ነበር። ሻሽ ጠምጥሞ የሚያሳይ ፎቶግራፍ፣ የዘር ሐረጉን ወደ ነቢዩ መሐመድ የሚያደርስ ጽሑፍ፣ ጨረቃ ያለበት ባንዲራ፣ ሁሉም በየጆሮው ተሾከሾከ። ፎቶው የተገጣጠመ ነው የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ አለ። በዚያ ዘመን ፎቶ መገጣጠም ከባድ አልነበረም፤ የአንዱን ራስ ቆርጦ በሌላው አካል ላይ ለጥፎ እንደገና ማንሣት ነው። የሚያጋልጡት ነገሮችም የታወቁ ናቸው፦ አንገትና ልብስ የሚገናኙበት ጠርዝ፣ ፊቱ ላይና አካሉ ላይ ያለው ጥላ የወደቀበት አቅጣጫ፣ የራሱ መጠን። ይሁንና የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሌጋሲዮኖች (የመንግሥታቱ መልእክተኞች) በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መካከል ልጅ ኢያሱን የጠሉት ፎቶ አይተው አይደለም፤ ከቱርክና ከጀርመን ጋር ይወግናል ብለው ነው። የአባቱ የንጉሥ ሚካኤል ጦር ሰገሌ ላይ ጥቅምት 17 ቀን ተሸነፈ።

ወሬው ግን አላለቀም። ልጅ ኢያሱ በመጀመሪያ ፍቼ ታሰረ፣ አመለጠ፣ ተያዘ፣ ከዚያ ወደ ሐረርጌ ጋራ ሙለታ ተወሰደ። በ1928 ዓ.ም. ኅዳር ገደማ፣ የጣሊያን ጦር በገባበት ሰሞን፣ ሞቱ ተሰማ። ታሞ ነው ወይስ ተገድሎ? የት ተቀበረ? ለሕዝብ የታየ መቃብር ስለሌለ ደሴ ውስጥ በአንድ ስኒ ቡና ላይ ሦስት መልስ መስማት ይቻላል። መቃብር የሌለው ንጉሥ ወሬ ያበዛል፤ ይህን ወሬ ያበዛው ሕዝቡ አይደለም፣ የደበቁት ናቸው።

ማታ ቡና ላይ፣ አቦሉ ሳይወርድ፣ የሸህ ሁሴን ጅብሪል ስም ይነሣል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በወሎ የኖሩ ሸህ ናቸው፤ በግጥም ተናገሩት የሚባለው ትንቢት ጣሊያንንም፣ የንጉሡን መውረድም፣ ደርግንም ያውቃል ይባላል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል ይጠቅሳቸዋል፤ ይህ ራሱ የወሎ ወግ ነው። «ጋሼ፣ ይህችን ስንኝ መቼ ሰሟት?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ነውር የለውም፤ «አብሽር ወንድሜ» ተብሎ ይመለሳል፣ ከዚያም ስንኟ ትደገማለች፣ ከተሰማችበት ዓመት በስተቀር። የትንቢት ሁሉ ፈተና አንድ ነው፦ ነገሩ ከመሆኑ በፊት በቀን ተጽፏል ወይ? የሸሁ ቃል በቃል ሲወርድ የኖረ ስለሆነ እያንዳንዱ ነጋሪ ስንኟን በዘመኑ ላይ ያስተካክላታል። ስምና ዓመት የሌላት ስንኝ በየዘመኑ ትገጥማለች። ይህ የሸሁን ክብር አይነካም፤ የግጥሙ ውበት በቀን መግጠሙ አይደለም።

እሑድ፣ ቦሩ ሜዳ

ከደሴ ወደ ሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሚኒባስ አይጠፋም። ሜዳው ሜዳ ነው፤ ሐውልትና ድንኳን የሚጠብቅ ያዝናል። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ፣ የሸዋው ምኒልክና የጎጃሙ ራስ አዳል በተገኙበት የሃይማኖት ጉባኤ የተደረገው እዚህ ነው። ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚሉት ተረቱ፣ ተዋሕዶ ጸና። ኋላ ንጉሥ የሆኑት መሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል የተባሉት በዚያው ዘመን ነው፤ ክርስትና ያነሧቸው ራሳቸው ዐፄ ዮሐንስ ነበሩ።

«ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም» የሚባለው ሐሜት የተወለደው ከዚህ ነው። ተገደው የተጠመቁ ሰዎች ቀን ቤተ ክርስቲያን፣ ማታ መስጊድ ይሄዱ እንደነበር በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል፤ ሸህ ጦልሐ ያሉት ደግሞ በግልጽ ተቃውመው ተነሥተዋል። በሌላ አገር «ድብቅ አማኝ» ማለት ሰውን ለማሳደድ የሚያገለግል ቃል ነው። ወሎ ውስጥ ያው ታሪክ ዛሬ በአንድ ቤት መሐመድና ገብሬ ወንድማማች ስለሆኑ ቤተሰቦች በሣቅ ይነገራል።

ቦሩ ሜዳ ላይ ከጉባኤው ይልቅ ሰው የሚፈራው ሌላ ወሬ አለ። የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማረፊያ ነበር፣ በዚህም የተነሣ «በዘር ይወርዳል»፣ «ከመርገም ነው»፣ «በመብረቅ የተመታ ነው» የሚሉ እምነቶች አልጠፉም። ይህኛው ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፣ ሰው ያጠፋልና። ሥጋ ደዌ በባክቴሪያ ይመጣል፤ ባክቴሪያውን ኖርዌያዊው ሐንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. አግኝቶታል። በዘር አይወርድም፤ በአንድ ቤት ሁለት ሰው የሚታመመው ለዓመታት በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚተነፍሱ ነው፣ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው ሰው ተፈጥሮው ስለሚከላከልለት አይታመምም። መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን ናቸው፤ ቁስሉ ጥቂት ለሆነ 6 ወር፣ ለበዛ 12 ወር ይወሰዳሉ፣ በነፃ ነው። ሕክምና የጀመረ ሰው ወዲያው ማስተላለፉን ያቆማል። ነገሩ የሚበላሸው የመጀመሪያው ምልክት ሕመም ስለሌለው ነው፦ ቆዳ ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ቦታ። ሰው ጠበልና ሐኪም ቤትን ምረጥ ሲባል ይዘገያል፣ ነርቩ ይሞታል፣ ከዚያ ጣት ይጎዳል። ጠበሉን እየጠጡ ክኒኑን መዋጥ ማንም አይከለክልም። ባለ እጆችን፣ ሸክላ ሠሪንና ቀጥቃጭን፣ ቡዳ የሚለው ሐሜትም የዚሁ ወንድም ነው፤ ጀበናውን ገዝቶ የሠራችውን መፍራት።

ሰኞ፣ ሐይቅ

ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል። ከመናኸሪያ ሐይቅ ከተማ፣ ከዚያ በባጃጅ ወይም በእግር ወደ ውሃው ዳር። ዋጋውን ሳይነሡ መቁረጥ ይበጃል፣ መመለሻውንም ጭምር። እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም፤ ከሴት ጋር የሚጓዝ ይህን ቀድሞ ይንገራት፣ በር ላይ ደርሶ ከመመለስ ይሻላል። መነኩሴ ሲገናኝ «አባ፣ ይባርኩኝ» ነው የሚባለው፤ ጥያቄ ከዚያ በኋላ።

የሐይቁ አፈጣጠር በአገሬው ዘንድ እንዲህ ይነገራል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ግፍ ተፈጸመባት። እግዚአብሔር ተቆጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውሃ አደረገው፣ ልዕልቷም ከነወገኗ ሰጠመች፤ ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ፣ እሱም ገዳሙ ያለበት ነው። ወደ ውሃው ዳር ሲደረስ ለምን እንዲህ እንደተነገረ ግልጽ ይሆናል። ገዳሙ ያለበት መሬት ቀድሞ ደሴት ነበር፣ ውሃው ሲቀንስ በአንድ በኩል ከየብስ ተያይዞ ልሳነ ምድር ሆነ። ዙሪያው ጥልቅ ውሃ፣ መሐሉ ደረቅ። ሐይቁ እስከ 88 ሜትር ይጠልቃል፤ ይህን ያህል ጥልቀት የመጣው የስምጡ ጠርዝ መሬት ተሰብሮ ስለወረደ ነው። ደሴን የያዘው ዓይነት ስብራት ነው።

ሌላው ጥያቄ፦ ከጎኑ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ አንከርካ በሚባል ወንዝ ውሃ ይገባል፣ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። «ታዲያ ውሃው የት ይሄዳል? ከሥር ወንዝ አለ» ይባላል። ግማሹ መልስ ትነት ነው፤ በዚህ ፀሐይና ነፋስ የሐይቅ ወለል በየዓመቱ ብዙ ውሃ ይሰጣል። የቀረው በተሰነጠቀ ዐለት ውስጥ መስረግ ነው። የዋሻ ወንዝ መፈለግ አያስፈልግም፤ «ከሥር ይሄዳል» ያለው ገበሬ ግን ጨርሶ አልተሳሳተም።

ገዳሙን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቀናው አባ ኢየሱስ ሞዓ ነው። እዚህ የሚነገረው ትልቁ ነገር የፖለቲካ ምሥጢር ነው፦ ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. መንግሥቱን ከዛጔ ሲወስድ ከገዳሙ ጋር ቃል ኪዳን ገብቶ፣ የአገሩ ሲሶ ለቤተ ክርስቲያን ሆነ የሚለው። አንዱ ወገን ቃል ኪዳኑ የተገባው ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ነው ይላል፣ ሌላው ለኢየሱስ ሞዓ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ራሳቸው እዚህ ተምረዋልና ሁለቱም ወገን ሐይቅን አይለቅም። መለያው ወረቀቱ ነው። በ1280–81 እ.ኤ.አ. የተጻፈ ወንጌል አለ፣ የኢየሱስ ሞዓ ሥዕልና የስጦታ ማስታወሻ ያለበት፤ እሱ በዘመኑ ያለ ምስክር ነው። ገድሎቹ ግን ከሰዎቹ ዘመን ብዙ ቆይተው የተጻፉ ናቸው፣ ሲሶው የሚነሣውም በኋለኞቹ ነው። ንጉሥና ገዳም ተጠቃቅመዋል ቢባል ከባድ አይደለም፤ የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት በሚባል ማዕረግ በቤተ መንግሥት ለዘመናት ቃሉ ተሰምቷል። አንድ ሦስተኛ የሚለው ቁጥር ግን ርስት የሚጠይቅ ሰው የጻፈው ይመስላል።

ማክሰኞና ረቡዕ፣ ግሸን

ከደሴ ወደ ሰሜን ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በኪሎ ሜትር ግን አይለካም። መንገዱ ተራራ ይወጣል ይወርዳል፣ ዝናብ ሲጥል ይቆማል። ከዓመቱ ትልቁ ቀን መስከረም 21 ነው፤ በዚያ ሰሞን የሚሄድ ቦታ ቀድሞ ይያዝ፣ ማደሪያ ሜዳ ላይ እንደሆነ ይወቅ፣ ጋቢና ደረቅ ስንቅ (በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ) ይያዝ፣ ውሃ ለራሱ ይሸከም። ብዙ ሰው የሚታመመው ከቅዝቃዜና ከውሃ እጦት ነው፤ ባዶ ሆዱን ሲወጣ የሚወድቅም አለ። ሕዝብ ሳይበዛ ማየት የሚፈልግ ከጥቅምት በኋላ ይሂድ።

ወደ አምባው መግቢያው ጠባብ ነው፣ ገደሉ ዙሪያውን ነው። ግማደ መስቀሉ፣ የክርስቶስ መስቀል ቀኝ ክንፍ፣ በእግዚአብሔር አብ ቤተ ክርስቲያን ሥር በሣጥን ውስጥ ሣጥን ሆኖ ተቀብሯል ይባላል። ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ «አንብር መስቀልየ በዲበ መስቀል» (መስቀሌን በመስቀል ላይ አስቀምጥ) የሚል ቃል መጣላቸው፣ እሳቸውም መስቀለኛ ቦታ ሲፈልጉ ኖረው ግሸንን አገኙ። የአምባውን መስቀልነት በእግር ሲወጡ አይታይም፤ አፋፉ ላይ ቆሞም አይታይም። ወይ ከፊት ለፊቱ ተራራ፣ ወይ በስልክ ላይ ባለ የሳተላይት ካርታ ነው የሚታየው። ካርታውን ደሴ ላይ ኔትወርክ ሳለ ማውረድ ያስፈልጋል።

የመስቀሉን ቁራጭ በተመለከተ የዓለም ቀልድ አለ፦ በየአገሩ ያለው ስብርባሪ ቢሰበሰብ መርከብ ይሠራል ይሉታል። ይህን የሚሉ ሰዎች አልለኩትም። ሮሆ ደ ፍለሪ የተባለ ፈረንሳዊ በ1870 እ.ኤ.አ. የታወቁትን ቁርጥራጮች ሁሉ ለክቶ ደምሯቸው 0.004 ሜትር ኩብ ያህል ብቻ አገኘ፤ አንድ ሙሉ መስቀል 0.178 ሜትር ኩብ ይሆናል ብሎ ነበር የገመተው። ይህ የግሸኑን እውነት ነው አያሰኝም፤ ቀላጁም ማስረጃ እንደሌለው ግን ያሳያል። የተቀበረውን ማንም አይቆፍርም፣ መቆፈርም የለበትም። እዚህ ላይ የሚመረመረው ዕንጨቱ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ታሪክ ነው።

ታሪኩ ደግሞ ዐባይን ይይዛል። ዐፄ ዳዊት በግብፅ ያሉ ክርስቲያኖች ሲሠቃዩ ዐባይን እገድባለሁ ብለው ሱልጣኑን አስፈራሩት፤ ሱልጣኑም ፈርቶ እጅ መንሻ አቀረበ፤ እሳቸው ወርቁን መልሰው መስቀሉን ጠየቁ። ተረት ነው ለማለት የሚቸኩል ይቆይ። ልጃቸው ዘርዐ ያዕቆብ በ1443 እ.ኤ.አ. ለግብፁ ሱልጣን ጀቅመቅ በላኩት ደብዳቤ ወንዙን መከልከል እንችላለን፣ ግን እግዚአብሔርን ፈርተን ተውነው ብለዋል። ማስፈራሪያው የእውነት ተልኳል ማለት ነው። መገደብ ይቻል ነበር ወይ? በፍጹም። ወንዙ በዓመት ወደ 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይዞ ድንበር ይሻገራል፤ ያን የሚይዝ ግድብ ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጀምሮ በኮንክሪትና በተርባይን ተሠርቶ ጳጉሜ 2017 ላይ ነው የተመረቀው፣ የሚይዘውም 74 ቢሊዮን ነው። የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ድንጋይና ጭቃ ብቻ ነበረው። ነገር ግን ካይሮ የወንዙን ምንጭ አላየችም፤ ዝናብ በቀነሰ ቁጥር «ሐበሻ ዘጋው» ማለት ቀለላት። የማይቻል ዛቻ ያልታየ ቦታ ላይ ሲነገር ይታመናል። ዛሬም ድረስ በወንዙ ዙሪያ የሚናፈሱት ሴራዎች ከዚያ ብዙ አልራቁም።

የዚህ አገር ሌላው ገጽታ የነገሥታት ልጆች እስር ቤት መሆኑ ነው። ንግሥና እንዳይሻሙ መሳፍንት አምባ ላይ ይጠበቁ ነበር፤ በግራኝ ጦር እጅ እስኪወድቅ፣ እስከ 1540 እ.ኤ.አ.። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬዝ ወደ ተራራው ቢጠጋ በጠባቂዎች እንደተባረረ ጽፏል። እሱ ያየው በር የተዘጋበት ገደል ነው፤ ወሬው አውሮፓ ሲደርስ ግን «የአማራ ተራራ» የምድር ገነት ሆኖ በካርታና በግጥም ገባ። እስረኛው መከራውን፣ ፈረንጁ ገነቱን። ሁለቱም ውስጡን አላሳዩንም።

ሐሙስ፣ ኮምቦልቻ

ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ግን ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ሹራብ እዚህ ይወልቃል። ፋብሪካ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ቢራ፣ የጭነት መኪና ያለበት ከተማ ስለሆነ ወሬውም የገንዘብ ነው። ሦስተኛው ወገን፣ ሻጭ ያለው፣ እዚህ ይገኛል።

«ጣሊያን ሲሸሽ ወርቅ ቀብሯል» የሚለው ዋናው ነው። መነሻው አለው፦ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦርና አርበኞች የኮምቦልቻን በር ሰብረው ሚያዝያ 18 ቀን ደሴን ያዙ። ሆኖም የተከበበ ጦር ወርቅ የሚቀብርበት ፋታ አላገኘም፤ በሺህ የሚቆጠር ወታደር ከነመሣሪያው እጁን ሰጠ፣ ያለውም ተቆጥሮ ተወሰደ። ነጋዴው ግን ማስረጃ ይዞ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ የማርያ ቴሬዛ ብር ነው፣ 1780 የሚል። «አየህ ዓመቱን?» ይላል። ይህ ብር የትም ዘመን ቢታተም 1780 ነው የሚለው፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ጣሊያን ራሷ በ1935 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ማተም ጀምራለች፣ ለኢትዮጵያ ገበያ። ስለዚህ ዓመቱ ምንም አይመሰክርም። እውነተኛው ብር 28 ግራም ከጥቂት ነጥብ ይመዝናል፣ ከመቶ 83 እጁ ብር ነው። ሚዛን ላይ ከ27 በታች ወይም ከ29 በላይ ከሆነ ንግግሩ እዚያ ያልቃል፤ ከልክ ቢሆንም የሚያሳየው ብር መሆኑን እንጂ ጉድጓድ መኖሩን አይደለም።

ከዚያ የሚመጣው ደረጃ የታወቀ ነው። ሀብቱን ጅን ይጠብቀዋል፣ ጅኑ እንዲለቅ ቀይ በግ ወይም ጥቁር ፍየል ያስፈልጋል፣ የበጉ ዋጋ ይከፈላል። ቀጥሎ «ማሽን» ኪራይ። ቀጥሎ የሆነ ባለሥልጣን ዝም እንዲል። ሳጥኑ በአንድ ክንድ ቀርቷል በተባለ ጊዜ ሁሉ አንድ ነገር ይበላሻል፤ አንዱ ንጹሕ ሳይሆን መጣ፣ አንዱ መጥራት የሌለበትን ስም ጠራ ይባላል። ጥፋቱ ሁልጊዜ የገዢው ነው፣ ገንዘቡም አይመለስም። ቀይ ሜርኩሪ የሚባለውም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፦ በድሮ የልብስ ስፌት መኪናና በድሮ ራዲዮ ውስጥ አለ ይባላል፣ የለም። ሜርኩሪ ፈሳሽ ብርማ ነው፤ ቀይ የሆነው ውሁዱ ሲናባር የሚባል ማዕድን ነው፣ ቀለም ይሠራበት ነበር።

መቆፈሩ ከገንዘብ ኪሳራ የከፋ ጉዳት አለው። ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣሊያን አውሮፕላን ተደብድባለች፣ በ1933 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚህ በር አለፈ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና። ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ከአፈር ሥር አለ፤ ዝገቱ የሚበላው ብረቱን ነው፣ ባሩዱን አይደለም። ብረት ያገኘ ዶማ መቆም አለበት፤ አትንኩት፣ አታንቀሳቅሱት፣ በድንጋይ ከርቀት ምልክት አድርጋችሁ ለፖሊስ ተናገሩ። ልጆች ለቆርቆሮ ሻጭ የሚለቅሙትም ይህንኑ ነው።

ዓርብ፣ ወደ ደቡብ

ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው ዋና መንገድ ራሱ የተደበቀ ታሪክ አለው። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ ከብቱ አልቆ፣ ልጁን ይዞ፣ በዚህ አስፋልት ዳር ተሰልፎ መኪና እያስቆመ እህል ለመነ። ወደ አዲስ አበባ በእግር የሄዱም ተመለሱ። ባለሥልጣናት ያውቁ ነበር፣ ሪፖርት ነበራቸው፣ ግን ነገሩ ለውጭ እንዳይሰማ ተደረገ። በመጨረሻ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1973 እ.ኤ.አ. አሳየው። በዚያ ዓመት «መንግሥት ረሃቡን ደብቋል» ያለ ሰው ሐሜተኛ ይባል ነበር፣ እውነቱን ነበር የሚናገረው። ወሎ ውስጥ ዛሬ «ይደብቁናል» የሚል ወሬ ቶሎ የሚያዘው ለዚህ ነው፤ በሞኝነት ልንስቀው አይገባም። ነገር ግን ያኛውን ያጋለጠው ዐይን ያየው ሰልፍ፣ የተጻፈ ሪፖርትና ፎቶግራፍ ነው። ዛሬ በስልክ የሚተላለፈው ወሬ ከሦስቱ አንዱን እንኳ ይዞ ከመጣ መስማት ይገባዋል።

ካራ ቆሬ ሲደርሱ ደግሞ ሌላው ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. እዚህ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ6 በላይ ይለካ ነበር፤ ማጀቴ የምትባለው ከተማ ፈረሰች፣ ይህ መንገድም ተሰነጠቀ። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትናወጥ «ነገ ሌሊት በዚህ ሰዓት ትልቁ ይመጣል» የሚል መልእክት በየስልኩ ዞረ። ሳይንስ የቱ መሬት እንደተሰበረ፣ የትኛው አካባቢ እንደሚያሰጋ ይናገራል፤ ቀንና ሰዓት መናገር የሚችል ግን በዓለም ላይ የለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሬት መንቀጥቀጥ ክትትልም የሚያሳውቀው መሬት ከተናወጠ በኋላ ነው፣ መጠኑንና ቦታውን። ሰዓት ጠቅሶ የመጣውን መልእክት ስንቱ ሰው እንደላከው መቁጠር አያሻም። ቤቱ ጭቃና ድንጋይ የሆነ ሰው በር ዳር ቢተኛ፣ ከባድ ነገር ከአልጋው በላይ ባይሰቅል፣ ሲናወጥ ወደ ሜዳ ቢወጣ ያተርፈዋል፤ ይህ ደግሞ ሰዓቱን ማወቅ አይጠይቅም።